ኖራ የተቀባው ግድግዳ

«ጨረቃዬ ውረጂ፣ ከደጄ ላይ እደሪ፤
የሄደውን ልጄን…»

ኤውላሊያ እዚህ ስትደርስ ግጥሙ ይጠፋታል። ዜማውን ብቻ እያንጎራጎረች ብሉቤሪ የሚሉትን ሰማያዊ ፍሬ ወገቧ ላይ በታሰረው ባልዲ ትለቅማለች። በዚያ ሳምንት ግን ሐሳቧ ሁሉ በእርሻው የለቃሚዎች ካምፕ ውስጥ ካለች ክፍሏ ጋር ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ በአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ልጇ ኢትሴል ሳል አልለቀቃትም። ባለእርሻው «የመንግሥት ተቆጣጣሪ ካዘዘኝ አስጠግናለሁ» ብሏታል። ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ሐሙስ ልትመጣ ነው፤ እሷ ካልፈቀደች ካምፑ ውስጥ ማንም አያድርም።

ኤውላሊያ ሻጋታውን ለተቆጣጣሪዋ አሳያታለሁ ስትል ባሏ ኒካኖር ፈራ።

«ካምፑን ብትዘጋውስ? ሥራውም አልጋውም የሰውየው ነው። መኪና ውስጥ ልናድር ነው?»

«መኪናው ውስጥ ሻጋታ የለም።»

«እግር መዘርጊያስ አለ?»

ሳቀች። «ቢሆንም አሳያታለሁ» አለች።

ሐሙስ ከእርሻው ስትመለስ የኖራ ሽታ ከደጅ ተቀበላት። የኢትሴል ክርስትና እናት ቶማሳ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ቆማለች። በትውልድ መንደራቸው ትልቅ እንግዳ የሚገባበት ቤት ኖራ ይቀባል፤ የቤቱ እመቤት ካልደረሰች ጎረቤት ትቀባላታለች።

«አበልጄ፣ እንግዳ ሊመጣብሽ ቤቱን እንዲህ ጥለሽው ትሄጃለሽ? አንቺ ባታፍሪ እኔ አፍራለሁ! ያንን ጥቁር ነገር ድራሹን አጠፋሁልሽ።»

የሚያፈሰው ጣሪያ ሥርም ቶማሳ የራሷን የሠርግ ጥልፍ ጨርቅ ወጥራበታለች።

ኤውላሊያ አፏን ሳትከፍት ተቆጣጣሪዋ ከባለእርሻው ጋር ገባች።

«እንዴት ያምራል! አዲስ ቀለም ነው?»

«በየዓመቱ እናድሳለን» አለ ባለእርሻው፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ኤውላሊያ ዞረች። «እርስዎስ፣ ቅሬታ አለዎት?»

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ቶማሳ ኖራ የነካው ጉንጯ እስኪያበራ ፈገግ ብላላታለች፤ ኒካኖር በር ላይ ባርኔጣውን ይጨመድዳል። ጥልፉን ብትገልጠው አበልጇ በእንግዳ ፊት ትዋረዳለች፤ ብትናገር ሁሉም ሰው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

«የለኝም፣ እመቤቴ።»

የማደሪያ ፈቃዱ የካምፑ ወጥ ቤት በር ላይ ተለጠፈ፤ ለቀማው እስኪያበቃ ድረስ ነው። ማምሻውን ዝናብ መጣ። ኤውላሊያ አልጋውን ከግድግዳው ልታርቅ ጎተተችው፤ ገና ስንዝር ሳይርቅ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተጋጨ። ኢትሴል ትስላለች።

«ነይ ብዪ» አለች ቶማሳ፣ ባቄላውንና ትኩሱን የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያውን፣ ይዛ። «ዛሬ እኮ አኮራሽን!»

ኤውላሊያ እጇን ታጠበች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች።