አስተካክዬ ያበላሸሁት ቦት

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከበቡኝ። "እማማ፣ ለስዊድን ሮከሮች ጫማ ሠርተዋል የሚባለው እውነት ነው?" አሉኝ። ነገሩ ዘፈን ስላለበት መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ኋላ ግን ከመካከላቸው ሁለቱ የጫማና የቦርሳ ሥራ ሊጀምሩ ነው ሲባል ሰማሁ። እንግዲያስ ልናገር። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሊያ ናት። ከመንገድ ስወጣ "እማማ፣ ፎከስ!" እያለች ትመልሰኛለች።

ሥራ የገባሁበት ቀን ዝናብ ነበር። ሱቁ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ ይቆማል። ፊት ለፊት ቁልፍ መቅረጫ፣ ከኋላ የጫማ ማሽኖች። ባለቤቱ ሚስተር ኮስታስ የሚባል የቆጵሮስ ሰው ነበር።

"የት ሠርተሻል?" አለኝ።

"ገዳሪፍ።"

"ምን ትሠሪ ነበር?"

"የወታደር ጫማ እሰፋ ነበር።"

ገዳሪፍ ሱዳን ውስጥ መሆኑን አላወቀም፤ አልጠየቀምም። ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ሰጠኝና ጎኑ የተተረተረ የሴት ጫማ ወረወረልኝ። ሰፋሁት። ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው። "ነገ ጠዋት ነይ" አለ፤ የቅጥር ወረቀት የሚባል ነገር ትዝ ያለን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ገዳሪፍ እንዴት እንደ ደረስኩ፣ ሙያውንም ያስተማሩኝ ሽማግሌ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ዐይናቸው አያይም፣ ጠማማ ስፌት ግን በጣታቸው ያውቃሉ፣ ሚስታቸው ደግሞ... ሊያ እያየችኝ ነው።

በዚያ ሱቅ ደረጃ አለ። አዲስ የገባ ይጠርጋል፣ ቀለም ይቀባል። ቀጥሎ የሴት ታኮ ጫፍ ይቀይራል። ቀጥሎ ሶል ይለጥፋል፣ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ሶል እየሞረደ የሚያሳሳው መፈተጊያ ማሽን ጋ ይቆማል። መፈተጊያው ጋ የሚቆም ሰው የሱቁ ትልቅ ሰው ነው፤ ምክንያቱም አንዴ የተፈተገ ነገር አይመለስም። እኔ እዚያ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ችግር ነበረብኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ የአማርኛውንም ፊደል የለየሁት በስተርጅና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የእንግሊዝኛው እስከ ዛሬ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው የሚታየኝ። ኮስታስ ደንበኛው ያዘዘውን ትኬት ላይ ይጽፋል፤ ለእኔ ደግሞ ክር ያስራል። ቀይ ክር ታኮ ነው። ሰማያዊ ሶል። ቢጫ ስፌት። ጥቁር ቀለም። ይህን ያወጣነው ሁለታችን ተማክረን ነው። ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ "እናንተ ጫማ ትጠግናላችሁ ወይስ ሹራብ ትሠራላችሁ?" እያለ ይስቅብን ነበር። ይሳቅ። ለዓመታት አንድ ጫማ አልተሳሳትንም።

እንግዲህ የአገሮች የዘፈን ውድድር ለንደን የተደረገበት ዓመት መጣ። ሐሙስ ጠዋት ኢንግሪድ የምትባል ረጅም ሴት ሻንጣ እየጎተተች ገባች። የአንድ የስዊድን ባንድ ሥራ አስኪያጅ ናት። ሻንጣውን ስትከፍተው አራት ጥንድ ቦት ወጣ። እንዲህ ያለ ጫማ በዕድሜዬ አላየሁም። ሶሉ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ እንደ ነብር ዥንጉርጉር፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ደግሞ ብርማ፤ ፀሐይ ስታርፍበት ዐይን ይወጋል።

"ሴቶቹ አራት ናቸው?" አልኳት።

"ወንዶች ናቸው።"

"ሚስት አላቸው?"

ኮስታስ በክርኑ ጎሸመኝ። ግላም ሮክ ይባላል ብሎ ኋላ አስረዳኝ፤ ወንዶቹ ይኳላሉ፣ ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃሉ፣ ጊታር ይመታሉ። እኔ እንኳ የቤት ኪራይ እየከፈለ የሚኖር ሰው እንዲህ ለብሶ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ኮስታስ ትኬቱን ጻፈ፣ ክሩን አሰረ። ብርማው ላይ ሰማያዊና ቢጫ ነበር፤ የተላቀቀ ሶል መለጠፍና መስፋት ማለት ነው። ከዚያ እህቱ ቤት ስትቀይር ሊያግዛት ክሮይደን ሄደ። ሱቁ ለእኔ ቀረ።

ብርማውን ጥንድ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩና ዐይኔን ዝቅ አድርጌ አየሁት። ግራው ከቀኙ ከፍ ይላል። ከቀኙ ሥር ካርቶን እየደረብኩ ለካሁት፤ ዘጠኝ ካርቶን። የሠራው ሰው ምን ነካው? አልኩ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ "ጥንድ ጫማ እንደ መንታ ነው፤ አንዱ ከበለጠ አንዱ ይበደላል" ይሉ ነበር። ዘፋኙ አሳዘነኝ። በዚህ ላይ ቆሞ ሊዘፍን? የግራውን ሶል አላቀቅኩ፣ በመካከሉ ያለውን ቡሽ መፈተጊያው ላይ ያዝኩት። ፈተግኩ፣ ለካሁ፣ ደግሜ ፈተግኩ። ውሃ ልክ ሆነ። ብርማውን ሽፋን በልኩ ቆርጬ መለስኩ፣ ለጠፍኩ፣ ሰፋሁ። ማንም ያላዘዘኝን ሥራ ሠርቼ፣ ጽድቅም የሠራሁ መስሎኝ፣ እየዘመርኩ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ጠዋት ኢንግሪድ ዘፋኙን ይዛ መጣች። ላሴ ይባላል። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ተኝቷል፤ መልኩ ግን እናቱ ፊቱን አጥባ የላከችው ልጅ ነው የሚመስለው። ቦቱን አጠለቀ። ሁለት እርምጃ ሄደ። በሦስተኛው ተንገዳገደና የቁልፎቹን መስቀያ ያዘ። መስቀያው ከነቁልፉ ወረደ፤ ወለሉ ላይ ቁልፍ እንደ በረዶ ዘነበ።

"ይህን ማን ነካው?" አለች ኢንግሪድ።

ኮስታስ ትኬቱን ፈልጎ አነበበው፤ ከታች ራሱ በጻፈው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። "የግራው ከፍታ እንዳይነካ" ይላል።

ተያየን። ለታኮ ክር አለን፤ ለሶል ክር አለን። "እንዳይነካ" ለሚል ክር አልነበረንም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የተሳሳተ መስሎኝ አስተካከልኩት።"

ላሴ አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቦቱን አወለቀና ሁለቱን እግሮቹን ዘረጋልኝ። ግራው ያጥራል።

"ከተወለድኩ ጀምሮ ነው" አለኝ። "ትምህርት ቤት አንዱ ጫማዬ ብቻ ወፍራም ነበር። ሁሉም ያየዋል። ባንዱን ስንመሠርት ጓደኞቼን 'ሁላችንም ወፍራም ጫማ እናድርግ' አልኳቸው። አራት ሰው ስንዝር ሶል ካደረገ የአንዱን ማን ይለየዋል?"

"ታዲያ ይህን ዓይነት ዘፈን የመረጥከው..."

"ለጫማው ነው!" ብሎ ሳቀ። ላለቅስ የነበርኩት ሴትዮ አብሬው ሳቅኩ።

ኢንግሪድ ግን አልሳቀችም፤ እውነቷን ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ልብስ የመጨረሻው ልምምድ ነው፤ ማታ ውድድሩ። ላሴ ከመድረኩ አናት ዐሥራ አራት ደረጃ እየዘፈነ ይወርዳል። በዚህ ቦት ከወረደ ወይ ይወድቃል ወይ ያነክሳል። ባንዱን ከመሠረቱ ጀምሮ የሸሸገውን አገር ሁሉ ያየዋል።

"ሌላ ሠራተኛ የለህም?" አለችው ኮስታስን።

"አለኝ፤ እኔ። እሷ ግን ከእኔ ትበልጣለች።"

ይህን ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ምስጋናው "አይከፋም" ነበር።

"እሳቸው ይሥሩት" አለ ላሴ። "የፈታው ሰው አገጣጠሙን ያውቃል።"

ቦቱን ከመንካቴ በፊት ሰውየውን ለካሁ። በባዶ እግሩ አቆምኩት። "ይቅርታ ልጄ፣ እንደ እናትህ ቁጠረኝ" ብዬ ወገቡን ያዝኩና የዳሌውን አጥንት ግራና ቀኝ በአውራ ጣቴ አገኘሁ። ኮስታስ ተንበርክኮ ከግራ እግሩ ሥር ካርቶን ይደርባል። "ጨምር። ጨምር።" ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ኮስታስ ሊነሣ ነበር። "ቆይ፣ ገና ነው" አልኩት። አጥንቶቹ እኩል የሆኑት ዐሥራ አንድ ላይ ነው።

"ወገብህን ያምሃል?" አልኩት።

"ስንት ዓመቱ!"

"የድሮው ከፍታ አይበቃህም።"

እጄ ወዲያው ቡሹን ሊያነሣ ነበር። ያዝኩት። "እንደ ነበረው ዘጠኝ ላድርገው ወይስ ዐሥራ አንድ?" ብዬ ጠየቅኩት።

ካርቶኑ ላይ እንደ ቆመ ወገቡን ግራና ቀኝ አዞረ። "ወገቤ ዝም ብሏል" አለ። "እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ዐሥራ አንድ ያድርጉልኝ።"

ቡሽ ነበረን። ብርማ ቆዳ ግን አልነበረንም፤ ያለው ሽፋን እኔው ቆርጬ አሳጥሬዋለሁ። በአውቶቡስ ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ወረድኩ። ቦርሳ የምትሸጥ አንዲት የኮሎምቢያ ሴት አውቃለሁ። አንድ ብርማ ቦርሳ ይዤ በመቀስ የሚቆረጠውን ቦታ ስለካ አየችኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ለሠርግ አይደለም እንዴ?"

"ለወንድ ጫማ ነው።"

"ምን ዓይነት ወንድ ነው?"

"ከነጫማው በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ።"

"ወንድም አለው?" አለችኝና ቦርሳውን ጠቀለለችልኝ።

ቡሹን በስስ በስሱ ቆረጥኩ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀባሁና ጣት ሲነኩት እስከማይዝ ድረስ ጠበቅኩ። ወጣቶች፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ እርጥቡ ማስቲሽ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ደርቤ በመዶሻ መታሁ፣ በመጭመቂያ አሰርኩ፣ አሳደርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ጎኑን ፈተግኩ፣ ብርማው ብናኝ ላዬ ላይ እየረገፈ በቦርሳው ቆዳ አለበስኩት፣ ሶሉን ሰፋሁ። ስፌቱን ኮስታስ አንድ በአንድ መረመረው፤ አንድ ስፌት አላፈረሰም።

ላሴ መጥቶ አጠለቀው። ሱቁ ውስጥ ሄደ። አልበቃውም፤ በሩን ከፍቶ ወጣና በእግረኛው መንገድ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሶ ተመለሰ። እንደ ንጉሥ ነው የሚሄደው። የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋለት። ስልክ ጠጋኙ ደንበኛውን ትቶ ሊያየው ወጣ። እኔ ያየሁት ወገቡን ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ እኩል ነበር።

"ከሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ልምምዱን ይዩ" ብሎ መግቢያ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።

ኮስታስ ወሰደኝ። አዳራሹን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ መብራቱ፣ ባንዲራው፣ ያ ሁሉ ሰው። መጋቢያችን ይቅር ይበሉኝ፣ ለዘፋኝ ተረከዝ ጸለይኩ። ዘፈኑን ሰማሽ ወይ ብትሉኝ አልሰማሁም። ደረጃ እየቆጠርኩ ነበር። ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት። ወረደ! እልል ልል አፌን ስከፍት ሰውየው ማንም ያላዘዘውን አደረገ፤ ወደ ላይ ዘሎ በሁለት እግሩ አረፈ። የኮስታስን ክንድ ቆነጠጥኩት። ቡሹ ያዘ፣ ስፌቱ ያዘ። እልልታዬን ያን ጊዜ ለቀቅኩት፤ ፊት ያሉት ሰዎች ዞረው እነሱም እልል ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም እንጂ።

ማታ የጸሎት ፕሮግራም ነበረን፤ ወደዚያው ሄድኩ። የመጋቢው ባለቤት ሰላም ሲሉኝ "እማማ፣ ጸጉርዎ ላይ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?" አሉኝ። "የሥራ አቧራ ነው" አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ስዊድኖቹ አላሸነፉም። ሰኞ ኢንግሪድ ለኮስታስ ደወለች። "ላሴ ጠዋት ሲነሣ ወገቡን እንዳላመመው ለእሳቸው ይነገርልኝ ብሏል" አለችው። ኮስታስም ስልኩን ዘግቶ ነጭ ክር ገዝቶ መጣ። ነጭ ክር "እንዳይነካ" ማለት ሆነ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከቀዩም ከሰማያዊውም ይልቅ ያንን ነበር አስቀድሜ የምፈልገው።

ጠማማ የሚመስል ሥራ ሲመጣላችሁ ከማቃናታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ የምለው ይኸው ነው።

ጸሎት ላይ ስለነበርኩ ውድድሩን በቴሌቪዥን አላየሁም፤ ደግሜ ለማየትም አላሰብኩም ነበር። ባለፈው ክረምት ሊያ ስልኳ ላይ አገኘችውና አሳየችኝ። በልምምዱ ያልነበረ ጭስ ለቀውበታል። ላሴ ዐሥራ አራቱን ደረጃ ሲወርድ እስከ ጉልበቱ ጭስ ውስጥ ነው። ሲዘል ደግሞ ካሜራው ከበሮ መቺውን ያሳይ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቦቱ አንድም ጊዜ አይታይም።