ጨው ያሸሁበት ገላዬ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ዝም ብል ይህ የዳነ ገላዬ ይከሰኛል። ታገሡኝና ጌታ ያደረገልኝን ልናገር። ክብር ለስሙ ይሁን!

እዚህ ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆዳ እየገዛሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። ቆዳ ገልብጬ ሳይ እንከኑ አያመልጠኝም፤ ኩራቴም አያድርስ ነበር። ስለ ጸሎት ሲያነሱብኝ «እሱን ለሴቶች ተዉት» እል ነበር።

ከዚያ ጣቶቼ መሃል ያሳክከኝ ጀመር። ወደ ብብቴ፣ ወደ ወገቤ ወረደ። ስቧጭረው ቆሰለ፣ መግል ቋጠረ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለበግ ቆዳ የሚበጅ ለእኔም ይበጃል ብዬ ጨው አሸሁበት! ሳቁ፣ ሳቁ፤ ያኔ ግን ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የጮኽኩት።

የሚስቴ አባት ከደራ መጡ። ቁስሌን አይተው ከደጅ ቆሙና «ልጄን ከቆማጣ ጋር አላኖርም» አሉ። ሚስቴን ብርቄንና የሰባት ወር ልጃችንን በበቅሎ ይዘው ሄዱ። ወገኖቼ፣ ባዶ ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ።

አንድ ጎረቤቴ እየጎተተ አማኞቹ ወደሚያክሙበት ቤት ወሰደኝ። አስታማሚው ኦቦ ገመቹ «ዓይንህን ጨፍን» አሉና በመርፌ ነካ አደረጉኝ።

«ኧረ አመመኝ!»

«እንኳን አመመህ! ቁምጥና ቢሆን ቦታው ይደነዝዝ ነበር። ያንተ እከክ ነው። ከላይኛው ስስ ቆዳ ውስጥ ደቃቅ ተባይ ቆፍራ ትኖራለች።»

ከዚያ እጄን ያዙ፤ ሰው ሁሉ የሸሸውን እጅ! በለብታ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ ዲን የሚሉትን ቢጫ ዱቄት በስብ ለውሰው ከአንገቴ እስከ እግሬ ቀቡኝ። «አይፈሩም ወይ?» አልኳቸው።

«ጌታዬ ለምጻሙን በእጁ ዳስሶታል። አንተ ደግሞ ለምጻም እንኳ አይደለህም።»

እዚያው በተቀመጥኩበት በርጩማ ላይ ልቤ ተሰበረ። «ይህ ጌታ የእኔም ይሁን» አልኩ። ሃሌ ሉያ!

ልብሴንና ቡልኮዬን አስቀቀሉኝ። በሳምንቱ ቁስሌ ደርቆ ሲያዩ «አብረውህ የተኙትም ይቀቡ» አሉ። ክው አልኩ፤ ብርቄና ልጄ! ቅባቱን በቆርቆሮ ይዤ ወደ ደራ ገሰገስኩ።

ብደርስ ቤቱ ሁሉ ያካል! አማቴ ጀርባቸውን ከምሰሶው ጋር ያፋትጋሉ። «አትቅረበኝ!» አሉ። ብርቄ ግን እጄን ይዛ ገልብጣ አየችና «አባባ፣ ድኗል» አለች። ውሃ አሞቅን። ልጁን ቀባነው፣ ብርቄም ተቀባች። በመጨረሻ አማቴ ሸማቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያን ጀርባ ሳጥብ ቂሜ ከውስጤ ወጣ። ጌታ ይመስገን!

ብርቄ ይኸው ከእህቶች ጋር ተቀምጣለች። አማቴ ገና አላመኑም፤ ሲመጡ ግን ግንባሬን ሳይስሙ አይቀመጡም። እናንተ ቁስላችሁን ሸፍናችሁ የመጣችሁ፣ ለጌታ ግለጡለት። እኔን ያልተጸየፈ እጅ እናንተን አይጸየፍም።