ና አሽትትልኝ

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ከመናኸሪያው ወደ ቤት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎንና ጎኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር፤ የጥቅምት ብርድ ነው፣ አይፈረድበትም። ገና ጥቂት እንደሄድን ያ ሽታ መጣ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ ጣፈጥ ይላል፣ ቀጥሎ ዓይን ውስጥ ገብቶ እንደ ሽንኩርት ይቆረቁራል። የማደርገውን ሳላውቅ ላስቲኩን ይዤ ጎተትኩት።

«አንተ! ትቀደዋለህ እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ቤንዚን በዝቶበታል። ክፈተው።»

«መካኒክ ነህ?»

«ክፈተው አልኩህ!»

አጠገቤ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ እናት «ኧረ አውርደው ይሄን ልጅ፣ ሊያስመልሰው ነው መሰል» አሉ። አወረደኝና ጥቁር ጭሱን እየተፋ ሄደ። መንገድ ዳር ቆሜ ከኋላው ጮህኩበት። ተናድጄ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ተናድጃለሁ።

ያን ሽታ ያስተማረኝ ወንድሜ አንተነህ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት እማ ሁለታችንን ይዛ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ገባች፤ እሱ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቶ ከመናኸሪያው በታች ካለ ጋራዥ ተቀጠረ፣ እኔ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረች፣ ጣሪያዋ ዝናብ ሲመጣ ወሬ የማታሰማ፤ እማ የጋሼን የሥራ ልብስ «ይሄ እኮ ያለ ሰው ይቆማል» እያለች ከደጅ አጥሩ ላይ ትሰቅለው ነበር፣ እውነትም በውርጭ ጠዋት እጅጌዎቹን ዘርግቶ ደርቆ ስናገኘው ሌባ ለመያዝ ያደረ ዘበኛ ይመስል ነበር። ልብሱ ቤት እንዳይገባ ይከልከል እንጂ ካንዴላዎቹ ግን ይገቡ ነበር። ካንዴላ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭር፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ጋሼ ያረጁትን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና ከእራት በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ በሰልፍ ደርድሮ ይፈትነኛል። ጫፏ የተቆላ ገብስ ከመሰለች ሞተሩ ጤነኛ ነው። እንደ አመድ ከነጣች ቤንዚን አንሶታል። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች በዝቶበታል። ፊደል የቆጠርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ ማንበብ የጀመርኩት ግን እዚያ አልጋ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ የሽታው ተራ ይመጣል። በሳሙናና በአሸዋ ታሽቶም ጥቁረቱ በማይለቅ መዳፉ ዓይኔን ይሸፍንና በቁራጭ ጨርቅ ላይ የነከረውን አንድ በአንድ ያቀርብልኛል፤ ላምባ፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ቤንዚን። አልሳሳትም ነበር። «የእኔ ወንድም አፍንጫ ከውጭ የመጣ ነው» ይላል ለጓደኞቹ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ይወስደኝና ከጭስ ማውጫው ጎን ያቆመኛል። ደህና መኪና ሲተነፍስ ሞቅ ይላል እንጂ አይሸትም፤ ቤንዚን የበዛበት ግን ዓይን ያስለቅሳል። እሱ ራሱ ግን በአፍንጫው ብቻ አይፈርድም ነበር። ነጭ ወረቀት ጭስ ማውጫው ላይ ይይዝና ጥላሸት መፈንጠቁን ያያል። ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ከእኔ ደብተር። የሒሳብ ደብተሬ በየወሩ እየከሳ ሄደ፤ አንድ ቀን እሱ ተሳስቶ መልሶ የከተተውን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ወረቀት መምህራችን አውጥተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉኝ «የመኪና ትንፋሽ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ስሜን ረስቶ ማደያ ይለኝ ጀመር። «ማደያ መጣ፣ ክብሪት እንዳትጭሩ!»

ጋሼ ግን ሰው የሚያስቅ እንጂ የሚሳቅበት አልነበረም። አንድ ጊዜ ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ የወረደ ሰውዬ ፒካፑ ጥቁር እያጨሰ መጣና «ካርቡራተሩ አልቋል፣ አዲስ ይገባለት» ብሎ ፈረደ፤ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ዕቃ ማለቱ ነው። ጋሼ መሪው ሥር ያለችውን እጀታ አየ። ቾክ የምትባለዋ ናት፤ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ አየር ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ካልመለሷት ቤንዚኑ ይበዛል።

«ቾኩን መልሰኸዋል?» አለው።

«ጮቄን?» አለ ሰውዬው በቁጣ። «እኔ ነኝ ወይ ጮቄን የምመልሰው? ተራራ እኮ ነው፤ እግዜር እንዳስቀመጠው አለ!»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ብቻ ሳይስቅ እጀታዋን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጋት፣ ጭሱም ቆመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አውድማ ዳር ስትቆም የከረመች መኪና መጣች፤ የአየር ማጣሪያዋን ሲከፍት የገብስ እብቅ ሞልቶ፣ መሐሉ ላይ አይጥ ከነልጆቿ ተኝታ። ቀስ ብሎ አውጥቶ ከግድግዳው ሥር አኖራቸው። ያን ጊዜ የነገረኝን እስካሁን እሰማዋለሁ። «በዛበት የሚሉት ሁሉ በዝቶበት አይደለም። አየር አጥቶ ነው። መጀመሪያ የታፈነበትን ክፈትለት።»

ይህን የሚያውቅ ሰው ነው እንዲያ የሞተው። ለዚህ ነው የምናደደው።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ጋራዥ መሄድ ተውኩ። ማደያ መባሉ መሮኝ ነበር። ጋሼም ወረቀቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ። ባለፈው ሐምሌ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ደወለልኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አንተ፣ አፍንጫዬ ተዘግቷል። አንዲት መኪና ቤንዚን በዝቶባት አላሠራ አለችኝ። ደቂቃ አይፈጅም፣ ና አሽትትልኝ።»

«ሸሚዜን አጥቤ ነው የለበስኩት» አልኩት። «ሌላ አፍንጫ ፈልግ።»

«ኧረ ሙሽራው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነና ስልኩ ተዘጋ።

በረዶው ወዲያው ወረደ። የጋራዡ ባለቤት ውኃ እንዳይገባ የላሜራውን በር ሳይቆልፍ ከውጭ ዘግቶ፣ ሌሎቹን ሠራተኞች አስከትሎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሊጠለል ሄደ። ወንድሜን ሞተሩ እየሠራ ከውስጥ ትቶት። ጋሼስ? እሱስ ለምን ሞተሩን አላጠፋም? ለምን በሩን ገፍቶ አልወጣም? ብርድ ፈርቶ ነው? አፍንጫው ስለተዘጋ የጭሱን ብዛት አላወቀም፤ ወረቀቱን ሲያነብ፣ ካንዴላውን ሲያይ፣ እሱን ራሱን እያፈነው መሆኑን አላነበበም። ሲመለሱ የመኪናዋ የፊት መከላከያ ብረት ላይ ተደፍቶ አገኙት፤ አንዱ ሠራተኛ ሞተሩን እያዳመጠ መስሎት ነበር አለ። ሞተሩ እስከዚያ ድረስ ይሠራ ነበር።

በማግስቱ ቀበርነው። የጋራዡ ባለቤት የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከፊት ተቀምጦ «ልቡ ነው፤ ልቡ ደካማ ነበር፣ ማን ያውቃል» ይላል። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልቡ! በአንድ እጁ ጎማ የሚያነሳ ሰው! ብድግ ብዬ «ጭስ ነው!» ልል ነበር። ግን አንዱ «አንተ በምን አወቅህ?» ቢለኝስ? ደውሎልኝ ነበር ልል ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፋሁ። የሰውዬው ውሸት ሦስት ወር ሙሉ በእኔ ዝምታ ተደግፎ ቆመ፤ በእሱ የተናደድኩትን ያህል በራሴ ተናድጃለሁ።

ክፉው ነገር እማ ማመኗ ነበር። የልብ ድካም በእናት የሚወረስ መስሏት «ከእኔ ነው ያገኘው» ማለት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ታዳምጠኛለች። ስታዳምጥ ትንፋሿን ትይዛለች።

ከባጃጁ የወረድኩ ዕለት በእግሬ ቤት ገባሁ። እማ ደጅ ፀሐይ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ልቡ አይደለም፣ ጭስ ነው፣ ከአንቺ የወረሰው ነገር የለም አልኳት። ቀጥዬም ደውሎልኝ ነበር አልኳት። ና ብሎኝ አልሄድኩም።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር።

«ሄደህ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ሁለታችሁንም ነበር የምቀብር።» ወዲያው አማተበች። «ተመስገን። አንተንስ አስቀረልኝ።»

አይደለም፣ እማ። ብሄድ ኖሮ ገና እንደገባሁ ዓይኔ ይቃጠል ነበር፤ በሩን በእርግጫ ብዬ እበረግደው ነበር፤ እሱም «ብርዱን አስገባህብኝ፣ የማትረባ!» ብሎ ይሰድበኝ ነበር፤ ማታ አብረን እንበላ ነበር። ይህን ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት። ከሐምሌ ወዲህ እንዲያ ፈታ ብሎ አላየሁትም።

«አዎ፣ እማ» አልኳት።

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ተቀምጬ ከምስሩ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። ጋሼን ለማትረፍ እኔ ሄጄ አንድ በር መክፈት ብቻ ይበቃ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አሁንም እኔ ብቻ ነኝ።