የማትችልበት ሲጋራ

ከጅዳ መካ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከኋላ ከሴቶቹ ወንበር፣ አጠገቤ የተቀመጠች የወሎ ልጅ ሲጋራ ለኮሰች። ሳሉ ሊገድላት ደርሶ፣ እንባዋ እየወረደ ትስበዋለች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«እህቴ፣ ክልክል ነው እኮ! ሹፌሩ ሹርጣ ጠርቶ ያሳስርሻል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም። ይጥራልኝ! እናቴ ታማ ልይሽ ትላለች፤ ማዳሜ ፓስፖርቴን ቆልፋበታለች። ሹርጣ ከያዘኝ ወደ አገሬ ይጠርዘኛል» አለችኝ።

ወዲያው ሹፌሩ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ አቆመና ወደ እኛ መጣ፤ የተቆጣ መሰለኝ። ልጅቷ ፌስታሏን ይዛ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነሳች።

እሱ ግን እጁን ዘረጋላት።

«ወላሂ፣ የእኔ አልቆብኛል፤ እስቲ አንድ ስጪኝ።»