ብየዳውን ፀሐይ ያለው ሰውዬ

ወገዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት ከትልቅ ከተማ የመጡ ሰዎች በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ላይ አንቴና ተከሉ። ከአንቴናው የሚወርደው ገመድ የጠመኔ ካርቶን ወደሚከማችበት ዕቃ ክፍል ይገባና ከአንዲት ትንሽ መቀበያና ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ፀሐይ አልፎ አልፎ ትፈነዳለች። በዓይናችን የምናየው ለውጥ የለም፤ ነገር ግን ስትፈነዳ የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች፣ መቀበያውም ያንን ይዞ ኮምፒውተሩ ላይ በሥዕል ያወጣዋል። የእኛ ጣቢያ ሥራ ይኸው ነበር፤ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስክትጠልቅ የምትለቀውን መቅዳት።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ እየመረጠ የሚረግጥ ሰው ነበር። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣

«ጠዋት ታበሪዋለሽ፣ ማታ ታጠፊዋለሽ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ» አለኝ።

«እሺ፣ እንዳሉት» አልኩ።

ነካሁ። የተቀዳውን ሥዕል እየከፈትኩ ስመለከት የመጀመሪያው ወር አብዛኛው ፀሐይ እንዳልሆነ ገባኝ። ከአጥራችን ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ጎረቤት አለኝ። እሱ ኤሌክትሮዱን ብረት ላይ ባስነካ ቁጥር የእኔ ሥዕል ላይ መስመር ይቆማል። ቀስ በቀስ መለየት ቻልኩ። የብየዳው መስመር እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ይላል፤ በሁሉም ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ይመጣልና። የፀሐይዋ ግን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ፍንዳታው ከፀሐይ እየራቀ በሄደ ቁጥር ሞገዱ እየረዘመ ይሄዳል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ያወቅኩት ነው።

ለበያጁ ሄጄ ስነግረው፣

«እኔ ብረት ስበይድ ፀሐይ መሰልኩ ነው የምትይኝ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ሊጀምር ሲል በአጥሩ ላይ «መምህርት! ልጀምር ነው!» እያለ ይጣራል፤ ሲጨርስም እንደዚያው። እኔ ሰዓቱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ወደ አስተባባሪው የምልከው እያንዳንዱ ፋይል ሥር፣ ይህ ፀሐይ ነው፣ ይህ ብየዳ ነው፣ ይህ መብረቅ ነው እያልኩ ማብራሪያ እጽፍበታለሁ።

ትልቁ ፍንዳታ የመጣው በኅዳር ነው። ገበሬው አውድማ ላይ ስለነበር ግማሹ ተማሪ ቀርቷል። የነበረኝን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ከመቀበያው ጋር ያገናኘሁት ድምፅ ማጉያ እንደ ወትሮው ይንሿሿል። ድንገት ድምፁ አበጠ፤ ዝናብ ከሩቅ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ እየመጣ እንደሚደርስ ሁሉ። ሥዕሉ ላይ አንድ ወፍራም መስመር ከላይ ተነሥቶ አዘነበለ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ውጭ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ፀሐይ እንደ ሁልጊዜዋ ናት። ለማን ልንገር? ለበያጁ ነገርኩት። ጓንቱን አውልቆ እጄን ጨበጠኝ።

በሚያዝያ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የአካባቢው የሳይንስ መምህራን ስብሰባ ተጠራ። ያቺ የኅዳር ሥዕል ግድግዳ ላይ ወጣች። ከሥሯ ያለው ስም የአስተባባሪው ነበር። ማብራሪያው ግን ቃል በቃል የእኔ ነው፤ «ድምፁ አበጠ» ያልኩት እንኳ አልተለወጠም። አንድ መምህር እጁን አውጥቶ እዚያ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«መሣሪያውን የምትጠብቅልን አንዲት ልጅ አለች» አለ አስተባባሪው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አይቶኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለሻይ ስንወጣ ቀረብ ብዬ፣ «ጽሑፉ የእኔ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የቡድን ሥራ ነው። ይህን ያህል ጠባብ አትሁኚ» አለኝ።

ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ምን እንዳየሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ጥርሴን ነክሼ መንጋጋዬ እንደታመመኝ ነው። ወገዳ ስንደርስ የማደርገውን አውቄ ነበር፤ ማብራሪያ መጻፍ አቆማለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ።

«ማብራሪያው የታለ?»

«ሥዕሉን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው ብዬ ነው» አልኩ።

«እሱማ ግልጽ ነው» አለ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጠበቅሁ። በመጋቢት በያጁ የቤተ ክርስቲያን የብረት በር ተሰጥቶት ሙሉ ጠዋት ሲበይድ ዋለ። ሥዕሉ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ደን መሰለ። ያንን ፋይል ላክሁና ከሥሩ «የዛሬው ቀን ለየት ያለ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ሰውዬው እንዲወድቅ ብዬ እንደጻፍኩት ግን አልክድም።

ለበያጁ ያደረግሁትን ስነግረው አልሳቀም።

«ሰውዬው ልጆች የሉትም?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወደ ብረቱ ዞረ። ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈገኝ፤ «ልጀምር ነው» ብሎ መጣራቱን ግን አልተወም።

በግንቦት እዚያው መካነ ኢየሱስ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። በዚህኛው ከአዲስ አበባ አንዲት አንጋፋ ተመራማሪ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀሐይን ሲያጠኑ የኖሩ ሴት፣ በክብር እንግድነት መጥተው ነበር። አስተባባሪው የበሩን ብየዳ ግድግዳው ላይ አወጣና፣

«እስካሁን ከመዘገብነው ሁሉ ከባዱ የፀሐይ ፍንዳታ ይህ ነው» አለ።

ተጨበጨበለት። እንግዳዋ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን አዩና አላጨበጨቡም። ተነሣሁ።

«በዚያ ሰዓት ፀሐይ በህንድም በአውሮፓም ወጥታ ነበር» አልኩ። «እዚያ ያሉት ጣቢያዎች ይህን ፍንዳታ አግኝተውታል?»

«እኛ ጋ ጎልቶ ስለታየ...»

«ፀሐይ ለወገዳ ብቻ ትፈነዳለች?»

አንዳንዱ ሳቅ አለ። ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«በዚያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጎረቤቴ የቤተ ክርስቲያን በር ሲበይድ ነበር። ደቂቃው ሁሉ ተጽፏል። መሐል ላይ የምታዩዋት ክፍተት ኤሌክትሮድ አልቆበት ሊገዛ የሄደበት ናት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳዋ እጃቸውን ዘርግተው ደብተሩን ተቀበሉኝና ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ልጄ፣ የአምናውን የኅዳር መዝገብ አንብቤዋለሁ፤ ማብራሪያውንስ ማን ነበር የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።»

ወደ እሱ ዞሩ። ደብተሩን እንደተከፈተ ዘረጉለት። ከግንባሩ ላብ ሲወርድ አየሁ። ሌላው ሰው አፍሮለት ዓይኑን ሲሰብር እኔ አልሰበርኩም። እያንዳንዱን ጠብታ አየሁት።

በሰኔ መጀመሪያ አስተባባሪው ወገዳ መጣ። የኅዳሩን መዝገብ በስሜ እንዲያዞርና የጎደለውን የአንድ ዓመት ማብራሪያ ከእኔ ጋር ሆኖ እንዲያሟላ ታዞ ነው። መኪናው ጭቃ ይዞት የመጨረሻውን መንገድ በእግሩ ስለጨረሰ እስከ ጉልበቱ ጨቅይቷል።

«መምህርት፣ እንደምን አሉ?» አለኝ።

አንቱ አለኝ። ወጉ ታላቅ ሰው አንቱ ሲል «ኧረ አንቺ ይበሉኝ» ማለት ነው። አላልኩም። ካርቶኖቹ መሐል ወዳለችው አጭር የተማሪ ወንበር ጠቆምኩት፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ሁለት ቀን ፋይል በፋይል አስጻፍኩት። ዝም ብዬ አልነገርኩትም። «ይሄኛውስ?» እለዋለሁ፤ ይሳሳታል፤ «እንደገና ይዩት» እለዋለሁ። ከአጥሩ ማዶ «ልጀምር ነው!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ያሉት መስመሮች ሲቆሙ በዓይኑ አየ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ፋይል ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየና፣

«ያዘነብላል» አለ። «ይህቺ ፀሐይ ናት።»

ፊቱ በራ። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ አወቅኩት። ትክክል ነው ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ቀጥሎ» አልኩት።

ሲሄድ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም ምን እንደምመልስለት አላሰብኩም ነበር። በያጁ አጥሩን ተደግፎ ሰውዬው ወደ መኪናው ሲወርድ ያይ ነበር።

«አሁንስ በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም» አልኩት፣ እውነቴን ነበር።