የእትየ ይታይሽ የክርስትና ስም

እናንተየ፣ እኔ እስካሁን አላመንኩም።

ጧት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እየጠበቅሁ ስልኬ ጠራ። የቡሬው ሀብታሙ ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛየ። «እትየ ይታይሽ አረፉ፤ እንደተኙ አልነቁም» አለኝ። «የትኛዋ እትየ ይታይሽ?» አልኩት። ስንት እትየ ይታይሽ እንዳለን እንጃ!

ትናንት እኮ ደውለው «የክረምቱ ሥልጠና ደረሰ፤ አንተ ባጃጅህን ስታሽከረክር ልጆቹ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው?» ብለው ተቆጥተውኛል። እንዲያ የተቆጣ ሰው በማግስቱ ይሞታል እንዴ?

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትየ ይታይሽ ከቡሬ እስከ ገበዝ ማርያም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ፈረስ ቤት፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናትንና ወጣቶችን የምናስተምር አገልጋዮችን ያሠለጠኑ ሴት ናቸው። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ መንገድ ሲዘጋ በእግራቸው። ባል አላገቡም፣ አልወለዱም። እኛው ነበርን ያለናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ቡሬ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበናል። እኔ ድንቅ ሰባኪ ነኝ ብየ የማምን ጎረምሳ ነበርኩ። «በል ልጆቹን አስተምርልኝ» ሲሉኝ ተነሥቼ ምሥጢረ ሥጋዌን በግእዝ እያጣቀስኩ አንበለበልኩት። ከልጆቹ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ይቆናጠጣል።

ስጨርስ እትየ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጡ «ጎሽ፣ አማረብህ» አሉኝ። ደስ አለኝ። «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ማን ትባላለች?» አላውቃትም። «እሱስ? ጫማውን የሚፈታው?» እሱንም አላውቀውም። «እና ለማን ነው ስታስተምር የነበርከው?» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አስቀድመህ በስሙ ጥራው።» ይችን ቃል ከእሳቸው ያልሰማ አገልጋይ በእኛ አካባቢ ያለ አይመስለኝም።

ስም ሲሉ ደግሞ የዓለም ስሙን ብቻ አይደለም፣ የክርስትና ስሙንም ነው። «ሲቆርብም፣ ታሞ ሲጸለይለትም የሚጠራው በዚያ ነው፤ ልጁ ሳያውቀው ማደግ የለበትም» ይሉ ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ሥልጠና ሲጀመር ትምህርት የሚባል ነገር የለም፤ በየልጆቹ ቤት እየዞርን ወላጆችን መጠየቅ ነው።

ገበዝ ማርያም ላይ አንዲት እናት «አየ ልጄ፣ ቄሱስ ነግረውኝ ነበር፤ ሕፃኑ ሲጮህብኝ ሳልሰማቸው ቀረሁ» አሉን። እኔ ይቅር ብየ ነበር። እትየ ወይ ፍንክች! ልጁን ክርስትና ያነሡትን ሴትዮ ፍለጋ ያን ዳገት ይዘውን ወጡ። ሴትዮዋ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘናቸው፤ ስሙን ነገሩን። እትየ ተመልሰው ልጁ ፊት ቁጢጥ አሉና በጆሮው ነገሩት። ልጁ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ ግቢውን ዞረው። እኔ እግሬ ተልጦ ነው ቤቴ የገባሁ።

አሁን የዛሬውን ስሙኝ።

በሚኒባስ ቡሬ እትየ ቤት ስደርስ ካህናቱ ለፍትሐት ቆመዋል። የሚመሩት ቄስ ዞር ብለው «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» አሉ።

ሁላችንም ወደ ዘመዶቻቸው ዞርን።

የወንድማቸው ልጅ «እኛ ይታይሽ ብቻ ነው የምናውቀው፤ አባቴ ሳያውቅ አይቀርም ነበር፣ እሱም በሕይወት የለም» አለ። የነፍስ አባታቸው ዓምና አርፈዋል። እሳቸው ያሠለጠኑን አገልጋዮች ግቢውን ሞልተነዋል፤ እርስ በርስ ተያየን። የስንቱን ልጅ ስም በቃላችን ይዘን፣ እሳቸውን ግን እትየ፣ እትየ እያልን ኖርን። በስም ጥሩ ሲሉ ኖረው፣ እሳቸው ስማቸው ሳይጠራ ሊሸኙ?

ቄሱ «እስኪ ጠይቁ፣ እንታገሣለን» አሉ። ስልክ ያለው ሁሉ መደወል ጀመረ። ፍኖተ ሰላም የሚያውቅ የለም። ገበዝ ማርያም የለም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፈረስ ቤት እናኑን አገኘኋት፤ ከእኔ ጋር የሠለጠነች፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት። መርዶውን ስትሰማ ጮኸች። «እናኑየ፣ የክርስትና ስማቸውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ «አውቀዋለሁ» አለች። «የእኛን ሲጠይቁን 'የእርስዎስ እትየ?' አልኳቸው። 'እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም' ብለው ነገሩኝ።»

ስሙን ሰምቼ ወደ ቄሱ ሮጥኩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በግእዙ «ለአመትከ ወለተ ሐና»፣ ለአገልጋይህ ለወለተ ሐና፣ ሲሉ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። እኔም ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ይህን የምጽፈው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው። ቀብሩ ነገ ረፋድ ላይ ነው፤ መንገድ የሚሰጣችሁ ኑ። የክረምቱ ሥልጠናም አይቀርም። ባጃጇ ትቁም፣ እኔ እይዘዋለሁ። የሚመጣ ሠልጣኝ ሁሉ ግን አስቀድሞ የአሠልጣኙን ስም ይጠይቅ።

እትየ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ አይቀሩም። ትናንት የተቆጡኝን ሰምቻለሁ።

በሕይወትዎ አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርቼዎት አላውቅም። አሁን ልጥራዎት።

ወለተ ሐና። በሰላም ይግቡ።