ጥቁሮቹ ስኒዎች

ሰበታ ባለው የሻይ ማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋና ቀማሹ ኦቦ ቶላ ገና ከበሩ መለሱኝ። ሽቶ ተቀብቼ ነበር። «ሂጂ ታጠቢና ነይ፤ እዚህ የሚሸተው ሻይ ብቻ ነው» አሉኝ። ዲግሪ ይዤ የመጣሁ ኬሚስት ነኝና አኮረፍኩ። ታጥቤ ስመለስ «ኮቱ፣ ነይ፣ ያዢ» ብለው ማንኪያ ሰጡኝ።

ሻዩን በማንኪያ ሳብ አድርጎ ምላስ ላይ ማዳረስ፣ መትፋት፣ ነጥብ መስጠት፤ ሁሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት ኤሌክትሮኒክ ምላስ የሚባለው መሣሪያ መጣ። ሴንሰሮቹን ሻዩ ውስጥ እየነከርን፣ የሚያወጣውን ቁጥር ከኦቦ ቶላ ነጥብ ጋር እያስተያየን፣ የሳቸውን አቀማመስ ለወራት አስተማርነው። «ምላሴን ሰረቃችሁኝ እኮ!» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ ታመው ሁለት ሳምንት ተኙ። ከተመለሱ በኋላ፣ እርጥበት ነክቶት መሣሪያው የጣለውን ናሙና እሳቸው ያሳልፉት ጀመር። ሴንሰሮቹን አጥቤ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ «ሽማግሌው ደክመዋል፣ ጡረታ ይውጡ» አለ። ጡረታቸው ገና ነበር። ደሜ ፈላ። «በሁላችንም ፊት ይቅመሱና ማን እንደተሳሳተ ይታይ!» አልኩት።

የሻዩን መልክ አይተው ነው እንዳይባል ሁልጊዜ የምንቀምስባቸውን ነጭ ስኒዎች አንስቼ ጥቁር ደረደርኩ። ለሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነው።

ኦቦ ቶላ ጠረጴዛውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ነጩ ስኒ የለም?»

«ዛሬ በጥቁሩ ነው፣ ኦቦ።»

አንዱን ቀምሰው ተፉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ማንኪያውን አስቀመጡና «አልለየሁትም» አሉ።

ወደ መታጠቢያው ሲሄዱ ተከተልኳቸው። «ከታመምኩ ወዲህ ሁሉም ሙቅ ውሃ ነው የሚሆንብኝ» አሉኝ። «ቀለሙን እያየሁ ነበር የምገፋው። ይመለስልኛል ብዬ ነበር፣ ልጄ።» አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

በዚያው ወር ተሰናበቱ። ሱሉልታ ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ሻይ ቀዱልኝ። ገና አንዴ ፉት ከማለቴ «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይላል?» አሉኝ። መጀመሪያ ትንሽ እንደሚመር፣ ቆይቶ ምላስ ያዝ እንደሚያደርግ፣ መጨረሻው ለስላሳ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። የራሳቸው ስኒ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

አሁን ቀማሾችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የሰው ነጥብ ከመሣሪያው ሲለይ፣ ሰውየውን ከመፈተናችሁ በፊት ለብቻው ጠይቁት እላቸዋለሁ። እኔ አልጠየቅኩም።